ጀልባው ያጋደለ ዕለት

ጀልባ ላይ ሲበላ ቦታ ይመረጣል። ይህን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ትሪው ሲቀርብ ደስ ያለኝ ቦታ ልቀመጥ ስል ትከሻዬን ይዞ ጎተተኝና፣ «እዚህ የሚቀመጠው በክብደት ነው፣ በሆድ አይደለም» አለኝ።

ጀልባችን ጠባብ ነበር። ሆዱ በመረብና በዓሣ ሳጥን ስለሚሞላ ለሰው የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። አራት ነበርን። ከኋላ ሬይሱ ሞተሩን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ይበላል። ሬይስ የሚሉት የጀልባውን አዛዥ ነው። የወድ ኤል ሒለው ሰው ነው፤ ወንዝ ዳር ተወልዶ ወንዝ ዳር ያረጀ ሱዳናዊ። በስተግራ ሐጂ ይቀመጣል። ሐጂ የመተማ ሰው ነው፤ ጋላባት ላይ ሱቅ ነበረው፤ መንገዱ ሲዘጋ ሱቁም ተዘጋና ወደ ውሃው መጣ። ሐጅ ሄዶ አያውቅም። «ስሙን አስቀድሜ ወስጃለሁ፣ ጉዞው ይደርሳል» ይላል። በስተቀኝ ወንድሜ። እኔ ከፊት ምድጃው አጠገብ፣ ጀርባዬን ለነፋስ መከለያው ሸራ ሰጥቼ።

ከመካከላችን አንዱ መነሣት ሲፈልግ መጀመሪያ «ቃይም!» ብሎ መጮኽ አለበት። ልነሣ ነው ማለት ነው፣ በዐረብኛ። ያኔ የቀረነው ጉርሻችንን እንደያዝን ወደ ሌላው ጎን እናጋድላለን። ሰውየው ተነሥቶ፣ የሚፈልገውን አድርጎ፣ ተመልሶ እስኪቀመጥ ማንም አይንቀሳቀስም። ሬይሱ ጀልባው ላይ ያወጣው ሕግ ይኸው አንድ ብቻ ነበር። ሲጋራ አይከለክልም፤ ዘፈን አይከለክልም፤ ስድብም አይከለክልም። ሳይናገር የተነሣ ሰው ግን ዳርቻው ላይ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ከኔ በፊት የነበረው አብሳይ እንደዚያ ነው የሄደው አሉ።

ታዲያ ለምን ወርዳችሁ አትበሉም የሚለኝ ሰው አለ። ጊዜ የለም። አትባራ ወንዝ ላይ ግድቡ ከተሠራ ወዲህ እዚያ ሐይቅ ተኝቷል፤ ዓሣ አጥማጁ ብዙ ነው፤ ዳርቻው ገበያ ላይ የሚቆመው የበረዶ መኪና ግን አንድ ነው። ጠዋት መረቡን የሳበ ሁሉ ወደዚያው ይሮጣል። የቀደመ በረዶ ያገኛል፣ የዘገየ ዓሣው ፀሐይ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጀልባዎቹ በየቀኑ ይሽቀዳደማሉ። እኛም እየሮጥን እናበስላለን፣ እየሮጥን እንበላለን።

ወንድሜ ወደ ሱዳን መጀመሪያ የወጣው እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ ለሰሊጥ ነው። ባሱንዳ አካባቢ ያጭድ ነበር። ኋላ ውሃውን ለመደና ቀረ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር አስጠራኝ። ምንም የማውቀው ሥራ ስላልነበረ ድስቱን ሰጡኝ።

ምድጃው አሸዋ በሞላበት የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠ የከሰል ምድጃ ነው። ድስቱን በሁለት ጉልበቴ መሀል አጥብቄ ይዤ አማስላለሁ። ማዕበል ሲመጣ ድስቱ እንዳይንሸራተት አጥብቄ ስይዘው ጉልበቴ ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ ውሃ ይገባበታል። ወንድሜ ቀምሶ ዐይኑን ጨፍኖ ቆይቶ፣ «ጎበዝ፣ ዛሬ ወጥ ነው ወይስ ሐይቁን ነው የቀዳህልን?» ይለኛል።

ሐጂ ያግዘዋል። «ተወው ልጁን። ሲማር የጨው ምዕራፍ ላይ አሞት ቀርቶ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አሞት ነዋ!»

ሬይሱ አማርኛ ይሰማል፣ ሲናገር ግን በራሱ ቋንቋ ነው። ሁለቱ ሲስቁ እሱ ድምፁን ሳያሰማ ሆዱ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ሁልጊዜ የምንበላው ዓሣ ነበር። ዓሣ በመሆኑም ነው አንድ ትሪ ላይ እጃችን የሚገናኘው። ሥጋ ቢሆን እኔና ወንድሜ የእስላም እርድ፣ እነሱም የክርስቲያን እርድ አንቀምስም፤ ያገሩ ደንብ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ዓሣን ግን የሚያርደው የለም። ሐጂ እንደሚለው ዓሣ ሃይማኖቱን አልተጠየቀም።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ያ ጠዋት ምን እንደሆነ ግልጽ እንዲሆን ነው። አሁን ወደዚያ ልምጣ።

ማክሰኞ ነበር፣ ሰኔ ውስጥ። መረብ ስበን ጨርሰን ወደ ገበያው እየሮጥን ነበር። ወንድሜ ከሸራው ወዲያ፣ ጀልባው አፍንጫ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። እዚያ መቀመጥ ሥራው ነው። ሐይቁ ሲሞላ የዋጣቸው ዛፎች ወደ ገበያው መግቢያ ላይ በብዛት አሉ፤ እዚያ ስንደርስ እጁን ከሸራው በላይ አንሥቶ ለሬይሱ ቀኝ ግራ ያሳየዋል። ከዚያ በፊት ያለው ገላጣ ውሃ ነው፤ ምልክት አያስፈልግም። ምግቡ ሲደርስ እኔ ሸራውን መታ አደርጋለሁ፣ እሱ «ቃይም!» ብሎ ወደ ቦታው ይመጣል።

አልደረሰም ነበር ምግቡ። ገና አንድ ጊዜ ነው የገነፈለው።

ሐይቁ ሲሞላ ታች ከሰመጠው መንደር በላይ ስንደርስ ከኋላችን ሌላ ጀልባ ብቅ አለ። በየቀኑ ከኛ ጋር የሚሽቀዳደመው ነው፤ አዛዡ የሬይሳችን አማች ነው፤ ሁለቱም መሸነፍ አይወዱም። ሬይሳችን ዘወር ብሎ አየና ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የጀልባው ፊት ተነሣ። ድስቱ ከጉልበቴ መሀል አመለጠ።

ተነሣሁ። አልተናገርኩም። ድስቱን ለመያዝ ብድግ ብዬ ወደ ግራ ዘለልኩ፣ እዚያ ደግሞ ሐጂ ጎንበስ ብሎ ውሃ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋ ነበር፤ ሁለታችን በአንድ ጎን ሆንን። ጀልባው አጋደለ። መረቁ እግሬ ላይ ፈሰሰ። በጉልበቴ ወድቄ ዓሣውን ከጀልባው ወለል ላይ እየለቀምኩ ወደ ድስቱ መለስኩ፤ ሬይሱ ያየኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላየኝም። ዐይኑ አማቹ ላይ ነበር። ጀልባው ተስተካከለ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ እሳቱን አስተካከልኩ። ሌላ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ ስንት ጊዜ መለስ ብዬ አዳመጥኩ፤ ከሞተሩ ሌላ ድምፅ የለም።

ዛፎቹ ጋ ልንደርስ ስንል ሬይሱ ሞተሩን ቀነሰ። ከሸራው በላይ እጅ አልወጣም።

«ያ ወለድ! አንተ ልጅ፣ ተኝተሃል እንዴ?» አለ ሬይሱ።

ሐጂ «ቃይም!» ብሎ ተነሥቶ ሸራውን ገለጠ። ከሸራው ወዲያ ማንም የለም። ሬይሱ ሞተሩን አጠፋ።

«መቼ ነው ያየኸው?» አለኝ።

«አሁን» አልኩ። «አሁን ነው ያየሁት። አሁን እዚህ ነበር።»

ለምን እንዲህ አልኩ? መዋሸቴን ያኔ አላወቅኩትም። አሁን ካልኩ ቅርብ ይሆናል፣ ቅርብ ከሆነ እጁን ይዘን እንስበዋለን፤ እንዲህ የመሰለኝ ይመስለኛል። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን የምር ሆነ። ሬይሱ ጀልባውን እዚያው ማዞር ጀመረ። አማቹ ደረሰ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ደረሱ። የዚያን ቀን ማንም ወደ በረዶው መኪና አልሄደም። በዛፎቹ መሀል ስሙን እየጠሩ ዞሩ። ወንድሜ ዋና አይችልም ነበር። የቆላ ልጅ ነን፤ ውሃ የምናውቀው በእንስራ ነው።

ወደ ቀትር ገደማ ሬይሱ ድስቱን አየ። ዓሣው እንዳለ ነበር፣ ቀዝቅዞ። አነሣውና ጀልባውን አስጠግቶ ዳርቻው ላይ ደፋው። «ሰው ከተገኘ በኋላ እንጂ ከዚህ ውሃ አይበላም» አለ። በዚያ ሐይቅ ሰው ሲሰጥም ደንቡ እንዲህ ነው። ሰውየው ውሃው ውስጥ ሳለ ከውሃው ምንም አይነሣም፤ መረብ አይጣልም። ሁሉም ጀልባዎች መረባቸውን ሰበሰቡ።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በዳርቻው አለፈ። የክረምቱ ደለል እንዳይጠራቀም የግድቡ በሮች ዓርብ ሲነጋ እንደሚከፈቱ፣ ከዚያ ወዲያ ጀልባ ሐይቁ ላይ እንዳይገኝ ተናገረ። በየዓመቱ የሚደረግ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሬይሱ ግን መኪናው እስኪርቅ ቆሞ ካዳመጠ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«እስከ ዓርብ ካላገኘነው ውሃው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። አትባራ ይወስደዋል። አትባራ የወሰደውን ማንም አያመጣውም። ገባህ?»

ገባኝ። መቃብር አይኖረውም ማለት ነው። ፍትሐት የሚፈታ ቄስ ገዳሪፍ ከተማ አለ፤ የሚፈታለት አስከሬን ግን አይኖርም።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ወደ ጀልባው ስመጣ ሐጂ ከሰሉን አቀጣጥሎ ምድጃው ላይ አጎንብሷል። ማማሰያውን ከእጁ ወሰድኩ።

«ተው ልጄ» አለኝ። «ሐዘንተኛ እሳት አያነድም። ሐዘንተኛን ሰው ነው የሚያበላው። በእናንተም እንዲሁ ነው፣ በእኛም።»

«ሐዘንተኛ አይደለሁም። አልተገኘም።»

«እሱስ አልተገኘም።»

«እንግዲያው ሐዘን የለም ሐጂ። ሥራዬን ይተዉልኝ።»

ለቀቀልኝ። ዱቄትና የደረቀ ባሚያ ብቻ ነበር የቀረን። አሲዳ ሠራሁ፤ የነሱ ገንፎ ነው፤ ባሚያው ተፈጭቶ የተሠራ ወጥ መሀሉ ይፈስበታል። ትሪውን አስቀመጥኩ። ሬይሱ ከኋላ፣ ሐጂ በግራ፣ እኔ ከፊት። በስተቀኝ ማንም የለም። ጀልባው በቀስታ ወደ ሐጂ ዘመመና እንደ ዘመመ ቀረ። ወጡ በትሪው ላይ ወደ አንድ ወገን ፈሰሰ። ሐጂ እጁን ሰደደ፣ መለሰ።

«ያ ወለድ፣ ወደ ቀኝ ግባ» አለኝ ሬይሱ።

«የእሱ ቦታ ነው።»

«የማንም ቦታ አይደለም። ሚዛን ነው።»

አልገባሁም። ሬይሱ እንደ መናደድ አለ። ከዚያ የአሸዋ ጆንያ ጎትቶ ወንድሜ የሚቀመጥበት ላይ አደረገው። ጀልባው ተስተካከለ። ሦስታችን ከጆንያው ጋር በላን። እኔ ግን እንጃ፣ የዋጥኩ አይመስለኝም።

ያን ቀን ሙሉ በዛፎቹ መሀል በመንጠቆ ፈለግን። መንጠቆው የሚያወጣው ቅርንጫፍና አሮጌ መረብ ነበር። በያዘ ቁጥር ሬይሱ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ ሁሉም ይጠብቃል፤ ግንድ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ የአማቹ ጀልባ ተጠጋን። አማቹ እንጀራቸውን፣ ኪስራ የሚሉትን ስስ ቂጣ፣ ከምስር ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ አቀበለን። ክርስቲያን መሆኔን አስቦ ሥጋ አላመጣም። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፋትሓ፣ የሙታን ጸሎታቸውን፣ ቀራና፣ «አልበረካ ፊኩም» አለኝ። በሱዳን ይህ ለሞተ ሰው ወገን የሚባል ነው።

«ለማን ነው እንዲህ የምትለኝ?» ብዬ ጮኽኩበት። «ማን ሞተብኝ? አየኸው?»

ሰውየው እጁን ሰበሰበ። ሐጂ ፊቱን ሸፈነ። ሬይሳችን በዐረብኛ ይቅርታ ጠየቀልኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ልጅ ነው እያለ። እኔ ምስሩን ይዤ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። እነዚያ ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ ነዳጃቸውን እያቃጠሉ ወንድሜን ይፈልጋሉ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ነዳጅ ምን ያህል እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ የሚፈልጉት ደግሞ እኔ ባሳየኋቸው ቦታ ነው። እሱ እዚያ እንዳልሆነ አውቅ ነበር ወይ? እውነት ለመናገር፣ ረቡዕ ዕለት አውቅ ነበር። ማታ ተኝቼ ጀልባው ሲያጋድል ይሰማኝ ነበርና። ግን ሬይሱ ምን ያደርገኛል ብዬ አይደለም የፈራሁት። አንድ ጊዜ ከተናገርኩ ወንድሜን እኔ ነኝ የጣልኩት። ካልተናገርኩ ወድቆ ነው።

ጀልባ ላይ ስልኮቻችንን ውሃ እንዳያገኛቸው ዱቄቱ ቆርቆሮ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለን ነበር የምናስቀምጠው። ወደ ዳርቻው ተጠግተን ሳለ ከቆርቆሮው ውስጥ ጩኸት ተነሣ። የወንድሜ ስልክ ነው። ዱቄቱን ጠርጌ አየሁት። እናታችን ናት።

«አንሣው» አለ ሐጂ።

«ምን ልበላት?»

ስልኩ እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኾ ጮኾ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ። ወደ ዱቄቱ መለስኩትና ክዳኑን ገጠምኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሬይሱ ወደ ዛፎቹ አልነዳም። ጀልባውን ገላጣ ውሃ ላይ አቆመና፣ «አምጣ፣ እንብላ» አለኝ። ገና ፈልገን ሳንጀምር። የአሸዋው ጆንያ በስተቀኝ እንደነበረ ነው። አሲዳውን አቀረብኩ። ሬይሱ አልጎረሰም።

«በዚህ ሙቀት ሰው ከሁለት ቀን በላይ ታች አይቆይም» አለ። «ይወጣል። ዛሬ ሦስተኛው ነው። አልወጣም። ወይ አንድ ነገር ይዞታል፣ ወይ የምንፈልገው የሌለበት ነው። ዛፎቹን ጉቶ በጉቶ አይተናል። ስለዚህ የሌለበት ነው።»

ሐጂ በቀስታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሌሊት ሳስበው» አለ ሬይሱ፣ «ማክሰኞ ጀልባው አንድ ጊዜ አጋድሎ ነበር። አማቼን እያየሁ ነበር፤ የሱ ማዕበል መሰለኝ። ግን እሱ ገና ሩቅ ነበር። የሩቅ ጀልባ ማዕበል የለውም። ሰው ነው ያጋደለው።» በትሪው ላይ አሻግሮ አየን። «ማን ተነሣ?»

እኔ አሲዳውን አየሁ። መሀሉ ላይ ወጡ ቀጥ ብሎ ተኝቷል፤ ወዲህም ወዲያም አይልም።

«ማን ተነሣ? አልቆጣም። ቦታውን ነው የምፈልገው።»

«እኔ እሆናለሁ» አለ ሐጂ።

ቀና አልኩ።

«ውሃ እየቀዳሁ ነበር» አለ ሐጂ። ድምፁ ሌላ ነበር። «ባልዲው ከብዶኝ ወደ ውጭ ሳብ አልኩ። አልተነሣሁም፣ ግን ተንጠለጠልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የልጁን ወንድም እኔ ሳልሆን አልቀርም የገደልኩት።»

«የት ላይ?»

«እንጃ። ዛፎቹን አላየሁም፤ ታች ታች ነበር የማየው።»

ሐጂ ሽማግሌ ነው። ትሪው ላይ አጎንብሶ እንባው አፍንጫው ላይ ወረደ፤ ለመጥረግ እጁን አላነሣም፣ እጁ ላይ አሲዳ ነበረበት። ይህን ጥፋት በራሱ ላይ ጭኖ ሊሄድ ነው። እኔ ዝም ካልኩ ዕድሜውን ሁሉ ይሸከመዋል። ወንድሜም እዚያው ይቀራል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱም አልሰሙኝም መሰለኝ። ደግሜ ተናገርኩ። «እኔ ነኝ የተነሣሁት። ድስቱ አመለጠኝ። አልጮኽኩም። ሐጂ ምንም አላደረጉም።»

«የት?» አለ ሬይሱ።

«የሰመጠው መንደር ላይ። አማችህ ከኋላ እንደታየ። ከዚያ በኋላ ወንድሜን አላየሁትም። አሁን ነው ያየሁት ያልኩት... አላየሁትም።»

ሐጂ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለና እጁን ከትሪው አወጣ። ከሰመጠው መንደር እስከ ዛፎቹ ሻይ የሚፈላበት ያህል ጊዜ ነው። ማክሰኞ ያኔውኑ ብናገርና ብንመለስ ይደረስለት ነበር ወይ የሚለውን ሦስታችንም በዚያች ሰዓት አሰብነው። ማናችንም አፍ አውጥተን አልተባባልነውም። እኔ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሬይሱ ያውቅ ይሆናል። አልጠየቅኩትም።

ትሪውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሞተሩን አስነሣ። ጥምጣሙን ፈትቶ በመቅዘፊያ ጫፍ ላይ አስሮ ለሌሎቹ ጀልባዎች አውለበለበ።

የሰመጠው መንደር ሰዎቹ ወጥተው ውሃ የወረሰው ነው። ታች የእሾህ አጥሮች፣ የቤት ምሰሶዎችና የከብት ጋጣዎች እንደቆሙ አሉ። መረብ ስለሚይዝ ማንም እዚያ አያጠምድም። ሬይሱ ጀልባዎቹን ጎን ለጎን አሰልፎ መንደሩ ካለበት ጉብታ ወደ ታች በመንጠቆ እንዲያበጥሩ አደረገ። እስከ ቀትር ምንም። እስከ አሥር ሰዓት ምንም። ነዳጅ ያለቀበት እየቀዘፈ ቀጠለ። ያን ቀን ማንም አልበላም፤ እኔም ምድጃውን አልነካሁትም፤ ከሰሉ ጠዋት እንደነደደ ብቻውን አመድ ሆነ። ከግድቡ በኩል የጥበቃ ጀልባ መጥቶ ከመሸ በኋላ እንዳንገኝ ነግሮን ሄደ። ፀሐይዋን እያየሁ ነበር። ዝቅ ባለች ቁጥር ውሃው መልኩ ይቀየርና ወደ ታች አያሳይም።

ያገኘው አማቹ ነው። ረቡዕ የጮኽኩበት ሰውዬ። መንጠቆው ያዘ፤ እጁን አነሣ፤ ግንድ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ቀና ስል ቆቡን አውልቋል።

የወንድሜ ጃኬት በእሾህ አጥር ተይዞ ነበር። ሁለት ሰዎች ገብተው በቢላ ቆርጠው ለቀቁት። እንዳላይ ሐጂ በሁለት እጁ ፊቴን ወደ ደረቱ ያዘ፤ ጋቢው ዓሣና ከሰል ይሸት ነበር። «አሁን አልቅስ» አለኝ። «አሁን ተገኘ። አሁን ሐዘን ነው፣ አልቅስ።» አለቀስኩ። ሰዎቹ ሸራውን ከኛ ጀልባ አውርደው ጠቀለሉት። በስተቀኝ የነበረውን ጆንያ ሬይሱ ራሱ አንሥቶ ውሃ ውስጥ ጣለና ወንድሜን እዚያ አስተኛው።

ዳርቻው ላይ የበረዶው መኪና ሹፌር የቀረውን በረዶ ሰጠን። ዓርብ ሲነጋ በሮቹ ሲከፈቱ እኛ መንገድ ላይ ነበርን፤ ሐይቁ ሲቀንስ አላየሁም። ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀበረ። ሬይሱና አማቹ፣ ሐጂም፣ ጁምዓቸውን ትተው መጡ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ አጥሩ ውጪ ቆሙ፤ ከዚያ ሬይሱ ቄሱን አስፈቅዶ ገባና ሦስት ጊዜ አፈር መለሰ።

ከቀብር በኋላ ወደ እኔ መጣ። እንደሚቆጣ ወይም እንደሚያጽናና ጠብቄ ነበር።

«ውሃው ላይ ከኔ ጋር አትመለስም» አለኝ። «መነሣትህን ይቅር ብዬሃለሁ። ድስት ያመለጠው ሁሉ ይነሣል፤ እኔም ተነሥቼ አውቃለሁ። ሁለት ቀን እጃችንን አንድ ትሪ ውስጥ ከተን ዝም ማለትህን ግን... ሞከርኩ። አልቻልኩም።»

«እሺ ሬይስ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።

ሐጂ ሊሟገትልኝ አፉን ከፈተ፣ ተወው። ሦስቱም በመጣንበት መኪና ተመለሱ።

እናቴን የደወልኩላት ያን ቀን ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በእሱ ስልክ። መርዶው በጎረቤት ደርሷት ነበር፤ ድምፅ አልቀረላትም። እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ድስቱን፣ መነሣቴን፣ ዛፎቹ ጋ ያልኩትን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል። እየነገርኳት ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «እማ፣ አለሽ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች።

ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«በልቶ ነበር?» አለችኝ።

«አልበላም እማ። ገና እየበሰለ ነበር።»